እትዬ አስካለ የሰበሩት ጓጉንቸር

ልጄ ማስተዋል የወተት ኩባያዋን በክንዶቿ አቅፋ፣ አፏን እንደ ጥጃ ወደ ኩባያው ዝቅ አድርጋ ስትጠጣ ያየሁ ጠዋት ነው አደጋው የገባኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁባት። «ምነው ማስቴ፣ እጅሽን የት ጣልሽው?» አልኳት። አልሳቀችም። እጆቿን ወደ ሹራቧ እጅጌ ሳበቻቸው።

«አምጪ እስቲ።»

«በርዶኝ ነው እማ።»

«አምጪ አልኩሽ!»

ጎትቼ አየሁት። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አብጠው አንጓቸው ጠፍቷል፤ ጥፍራቸው ሥር ጠቁሯል። እጠፊያቸው ብላት እንባዋ ቀደማት። በር መታኝ አለች። በር የመታውን ጣትማ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ያብጣል፣ ይበርዳል። ይኼ ግን በአሮጌው ሰንበር ላይ አዲስ ሰንበር ነው፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ወይን ጠጅ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ አባቷ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ተራራ ሲወጣ በሩ በነፋስ ሲንኳኳ የምደነግጥ ነኝ። ያን ቀን ግን የፈራሁት ፍርሃት ሌላ ነው። ይህች ልጅ ጣቷ እንዲህ ከቀረ በምኗ ትጽፋለች? በምኗ ትጎርሳለች?

«ማርያምን፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ጠጠሩ ወደቀብኝ» አለች፣ እንደ ጥፋተኛ አቀርቅራ።

ስለ እትዬ አስካለ ልጽፍ ተነስቼ ከልጄ ጣት መጀመሬ፣ እሳቸውን ያገኘኋቸው በዚያ ጣት ምክንያት ስለሆነ ነው። ያኔ ደባርቅ ነበርን፤ አሁን የምንኖረው ዳባት ነው። በቀደም ገበያ መሃል አንዲት የደባርቅ ሴት «እትዬ አስካለ አረፉ እኮ፣ አልሰማሽም?» አለችኝ። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ተሳፈርኩ። ቀብሩ አምልጦኝ ነበር። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ልጄ ወደ ተማረችበት ትምህርት ቤት ጎራ አልኩ፤ እሳቸው ያስተማሩበትን ፒያኖ ልየው ብዬ።

ምን ባይ ጥሩ ነው? በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጨርቁ ላይ የእትዬ አስካለ ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ አዲስ ጓጉንቸር አለ። ዘበኛውን «ምነው ተቆለፈ?» ብለው፣ «ለመታሰቢያቸው ነው፤ ልጆች እንዳይነኩት» አለኝ።

ለመታሰቢያቸው! የእኝህ ሴት ዕድሜ ያለቀው ያንን ክዳን ለማስከፈት አይደለም ወይ? ሰው በሞተ ማግስት፣ እንዲከፈት የታገለለትን ክዳን በፎቶው ሥር ደግሞ መቆለፍ ምን የሚሉት አክብሮት ነው? ዘበኛው ምን ያድርግ፤ ትቼው ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የማታ ክፍል ትንሽ ገብቼ ወጥቻለሁ። ስህተት ቢኖረው አንባቢ ይለፈኝ። ንዴቴን ሌላ የማወጣበት የለኝም።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ከከተማችን ወጥተው ውጭ አገር የሚኖሩ አንድ ሰው ለደባርቅ ልጆች ብለው ፒያኖ ላኩ። በጭነት መኪና መጣ። ጎረምሶቹ እየተጋገዙ ሲያወርዱት፣ ቄሱ ጠበል ሲረጩት፣ እኛ ሴቶቹ እልል ስንል ትዝ ይለኛል። እኔ ቁም ሣጥን መስሎኝ ነበር። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ተሰበሰበና «ይኼ ዕቃ ቢሰበር በደባርቅ የሚጠግነው የለም፤ ልጅ አይንካው» ብሎ ወሰነ። አናጺ ጠርተው ክዳኑ ላይ ማንጠልጠያ አስመቱ፤ ጓጉንቸር አስገቡበት። ያው አናጺ ደግሞ ረጅም የባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ የፒያኖውን ጥርስ ነጭና ጥቁር አድርጎ በቀለም ሣለ። ልጆቹ ፒያኖ የሚማሩት በጣውላው ሆነ። ጣውላውን ጠንቅቆ ያወቀ ልጅ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ፒያኖው ይከፈትለታል ተባለ።

አስተማሪው መምህር ዳኘው ይባላሉ። ጎንደር ሄደው አጭር ኮርስ ወስደው የመጡ ናቸው። ልጆቹን በጣውላው ፊት ያንበረክኩና በእያንዳንዱ እጅ ጀርባ ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ። «ዶ!» ሲሉ ልጆቹ የተቀባውን ጥርስ ይጫናሉ፤ «ሬ!» ሲሉ ቀጣዩን። ድምፅ የለ፣ ምን የለ። እጅ ቀጥ ብሎ እንዲለምድ ነው ጠጠሩ። ከወደቀ ማስመሪያው በጠርዙ ይወርዳል። ልጄ «ጠጠሩ ወደቀብኝ» ያለችኝ ይኼንን ነው።

ማስቴን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ቢሮ ውስጥ መምህር ዳኘውና የኮሚቴው ሊቀ መንበር ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ አያ ሙጬ ናቸው፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም።

«አያ፣ ይኼን ጣት እዩልኝማ» አልኩ።

አያ ሙጬ አንገታቸውን አስግገው አዩት። «እና? ጣት አይደለም? ያብጣል፣ ይጎድላል። እኔ ዜማ ቤት ሳለሁ የበላሁት አርጩሜ ቢቆጠር እዚህ ከተማ የቀረ ቅርንጫፍ የለም። ሞትኩ?»

«ወይዘሮ እናኑ» አሉ መምህር ዳኘው፣ በቀስታ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር። «እውነቱን ልንገርሽ፤ ልጅሽ ጆሮ የላትም። ጆሮ የሌለው ልጅ የሚሰማው በእጁ ነው።»

ምን አሰማችኋት ልል ነበር። ከጣውላ ምን ትስማ? ምላሴ ግን እንደታሰረ ቀረ። የተማረ ሰው ፊት ስቆም ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ደጅ፣ ድንጋዩ ደረጃ ላይ፣ የወንድ ካፖርት የለበሱ ቀጭን ሴትዮ ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው በከረሜላ ተወጥሯል፤ አስም ስላለባቸው የናና ከረሜላ ካፋቸው አይጠፋም ነበር፣ ያንን በኋላ ነው ያወቅሁት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምተዋል። ልጄን አዩና ጎንበስ አሉ።

«አንቱ እመቤት፣ እጅዎን ያሳዩኝ ይሆን?»

ማስቴ ዞራ ወደ ኋላዋ አየች። አንቱ የሚባል ትልቅ ሰው ከኋላዋ የቆመ መስሏት ነው።

«እርስዎን ነው» አሉ ሴትዮዋ። ጣቶቿን ሳይነኩ፣ በትንፋሻቸው እፍ እያሉ አዩአቸው። «ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። በፊት ግን እዚህ ቤት ጉዳይ አለኝ።» ሳያንኳኩ ገቡ።

«ማን ነኝ ብለሽ ነው አንቺ?» አሉ አያ ሙጬ።

«አስካለ ነኝ። እናቴን ቀብሬ ቤቷ የገባሁት። አዲስ አበባ ዕድሜዬን ሙሉ ለልጆች ፒያኖ ያስተማርኩት። እባካችሁ በነፃ ላስተምር ብዬ ስመላለስ ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ የምትለኝ አንተ ነህ።»

አያ ሙጬን አንተ! እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አገር አንቱ የሚላቸውን ሰውዬ አንተ፤ የእኔን ሕፃን አንቱ።

«ይኼ ጣውላ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ማስተማሪያ ነዋ። ልጅ መጀመሪያ ሥርዓት ይይዛል። የቆሎ ተማሪው ስንት ዓመት ለፍቶ አይደለም ወይ ድጓ የሚደርሰው?»

«የቆሎ ተማሪ!» እትዬ አስካለ በሳቅና በሳል መሃል ሆኑ። «የቆሎ ተማሪማ በገባበት ቀን አፉን ከፍቶ ይጮሃል! መሪጌታው ያዜማል፣ ልጁ ይከተላል፤ ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይጮሃል። አንተ ዜማ ቤት ነበርኩ አላልክም አሁን? አፉን ዘግቶ ዜማ የተማረ ተማሪ ካየህ ንገረኝ፤ ሄጄ እግሩን እስማለሁ!»

አያ ሙጬ ጺማቸውን አሸት አሸት አደረጉ። እውነት ነዋ።

«ቢሰበርስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከተሰበረ ዝም ይላል። አሁንስ ምን እያለ ነው?»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ተፈቀደላቸው። ቁልፉ ግን ከአያ ሙጬ ኪስ አይወጣም፤ እየመጡ ከፍተው፣ ቆመው ጠብቀው፣ ቆልፈው ይሄዳሉ። የአዘቦቱ ቀን ጣውላም እንዳለ ይቀጥላል። ጤና ጣቢያ የታየን ለታ ሐኪሙ፣ አጥንቱ አልተሰበረም፣ ግን እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ከተመታች ጣቷ ላይታጠፍ ይችላል አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስቴን ከጣውላው አስቀረኋት። መምህር ዳኘው በመንገድ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔም ልቤ ይርዳል።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አልረሳትም። ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሊቀጡ እንደተጠሩ ተሰልፈዋል። እትዬ አስካለ ጣቶቻቸውን እፍ እፍ አሉ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበሩ፤ ትኩስ ነገር ሊነካ እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ «ገደል ያየ ማን ነው?» አሉ።

ልጆቹ ሳቁ። በደባርቅ ገደል ያላየ ማን አለ?

«እንግዲያው ገደሉ ይኼውና፣ በግራ በኩል» ብለው የመጨረሻዎቹን ወፍራም ድምፆች ተጫኑ። መስኮቱ ነዘረ። አንዲት ሕፃን እናቷን ተጠጋች። «ጣራው ደግሞ በቀኝ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲጀምር» ብለው ቀጫጭኖቹን ነካ ነካ አደረጉ። «ደባርቅ መሃል ላይ ናት።»

«ጭላዳ ዝንጀሮስ?» አለች አንዷ።

«ጭላዳማ ከገደሉ ወጥቶ ገብሳችሁን ሊበላ እየመጣ ነው!» በሁለት እጃቸው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየተንጫጩ ወጡ። «ምን ታያላችሁ? አባርሩት እንጂ!»

ልጆቹ መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ ተረባርበው በመዳፋቸው፣ በክርናቸው፣ በቡጢያቸው ፒያኖው ላይ ወደቁበት። ገብስ ጥበቃ የዋለ ልጅ ጭላዳ ሲያባርር እንደሚጮኸው እየጮኹ። አያ ሙጬ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ኧረ ስለ ወላዲተ አምላክ! ሰበሩት!»

«አልሰበሩትም። ተዋወቁት» አሉ እትዬ አስካለ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንቱ ነበር። ሕግ ነው። ንፍጡን ያልጠረገ ሕፃን እንኳ እዚያ ከወጣ «አንቱ ይጀምሩ፣ ሲፈልጉ» ይባላል። ማስቴ አንድ ቀን እቤት መጥታ አባቷን «አንተ ለምንድን ነው አንቱ የማትለኝ?» ብላው፣ እሱ ከበቅሎው ጋር ሆኖ የሳቀው ሳቅ! እትዬ አስካለ እኔንም አንድ ቅዳሜ «ወይዘሮ እናኑ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ልጆቹ እየገፉ አስቀመጡኝ። አንዱን ጥርስ ነክቼ እጄን እንደ ጋለ ድስት መልሼ ሳብኩት። ልጆቹ ሲንከተከቱ፣ «ምን ያስቃል? ሰላምታ ሰጥተውት ነው» ብለው አዳኑኝ።

ማስቴ ግን አትነካም። ሌሎቹ ሲሻሙ እሷ ከአግዳሚው ሥር ገብታ፣ ጀርባዋን ፒያኖው እንጨት ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች። እኔ አፍሬ ልጎትታት ስል እትዬ አስካለ በዓይናቸው ከለከሉኝ። «ይተዋት። እዚያ ታች ይበልጥ ይሰማል።» ብዙ ቅዳሜ እንዲያ አለፈ። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ያንን ጭላዳ ከገደል ሲያወጡ ከሥር ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ ይቺ ጭላዳ ልጅ አዝላለች። ቀስ ትበል።»

እትዬ አስካለ ቆሙ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላየሁም ነበር። እንዴት ነው የምትሄደው? ያሳዩኝ።»

ልጄ ወጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በግራ እጇ፣ በአንድ ጣት፣ ከገደሉ ጀምራ ቀስ፣ ቀስ፣ ቆም፤ ደግሞ ቀስ እያለች ጣራው ድረስ ወጣች። ከዚያ ወዲህ «ልጅ ያዘለችው ጭላዳ» የማስቴ ሆነች። ማንም ልጅ ቢነካት «የማስተዋል ናት!» ይባላል። እያደር ሁለተኛውን እጇን ጨመረችበት፤ የታመሙትንም ጣቶች። ጆሮ የላትም የተባለችው ልጅ!

አንድ ጊዜ ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው፣ ለምን እንዲህ እንደሚያስተምሩ ጠየቅኋቸው። ትንሿን ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ጎብጣለች። እሳቸውን ያስተማረች ፈረንጅ በሹራብ መርፌ ትወጋቸው ነበር። «እኔ በመርፌ አልወጋሁም» አሉ። «ግን ያው ነበርኩ። ቀጥ በሉ፣ አትሳሳቱ፣ ለፈተና ድረሱ። ልጆቼ ሁሉ ፈተና አለፉ፣ ወይዘሮ እናኑ። አድገው ሳገኛቸው ታዲያ፣ ትጫወታላችሁ ወይ እላለሁ። ኧረ እትዬ፣ ያን ጊዜ ቀረ ይሉኛል። አንድ እንኳ! ክዳኑን ዘግተው ነው የሄዱት። ልጅ ክዳን ዘግቶ እንዲሄድ ያደረገ አስተማሪ ምን አስተማረ ይባላል?» ሲናገሩ ፊታቸው ቀላ። እንደዚያ ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ የተቆጡት ደግሞ በራሳቸው ነው። ከዚያ ከረሜላቸውን ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዛወሩና «የፈራ ጣት አይሰማም» አሉ። ይቺን ነገር ሁልጊዜ ይሏታል።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሲጀምር አስሙ ተነሣባቸውና እትዬ አስካለ አልጋ ያዙ። በዚያው ሰሞን ከጎንደር እንግዶች ፒያኖውን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ለእንግዳ የሚታየው ጭላዳ ማባረር ሳይሆን ሥርዓት ነው ተብሎ፣ ልጆቹ ሁሉ በጣውላው ፊት ተንበርክከው፣ ጠጠር በእጃቸው ላይ አድርገው፣ ባንድ ድምፅ ዶ ሬ ሚ እንዲሉ ተወሰነ። ፒያኖው ጨርቁ ተገልጦ ይታይና ተመልሶ ይሸፈናል። ይኼን ስሰማ ደሜ ፈላ። ፒያኖ ሊያይ ለመጣ እንግዳ ጣውላ!

በቀኑ ጠዋት አያ ሙጬ ቤታችን መጡ።

«ማስተዋል ትምጣ። የወንድሜ ልጅ ብትቀር ሰው ምን ይለኛል?»

«አያ፣ ሐኪሙ ደግማ ከተመታች ጣቷ አይታጠፍም ብሏል። አትሄድም።» ድምፄ ቢንቀጠቀጥም ወጣልኝ።

«ጠጠሩን ካልጣለች ማን ይመታታል? አንቺ ደግሞ ፍርሃትሽን ልጅቷ ላይ አትጫኚ!» እጇን ይዘው ወጡ። ልጄ ዞራ አየችኝ። ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላጠልቅ ተከተልኩ።

ስደርስ ልጆቹ በሩ ላይ ተጨናንቀዋል። «ማስቴ ሮጠች! ማስቴ ሮጠች!» ይላሉ። እንግዶቹ ገና አልደረሱም፤ ልምምድ ላይ ነበሩ። ጠጠሯ ወደቀ። መምህር ዳኘው ማስመሪያውን አነሱ። እሷ እጇን ሰብስባ በሁለት ልጆች መሃል ሾልካ ወጣች። በየት በኩል? በጓሮ።

በጓሮ በኩል የግጦሽ ሜዳው አለ፤ ከሜዳው ቀጥሎ የገብስ ማሳ፤ ከማሳው ቀጥሎ ምንም የለም። ገደል ነው፤ የሊማሊሞ ገደል። ጉሙ ደግሞ ከቆላው እየተነፈሰ ወጥቶ ሜዳውን ውጦታል። የሰኔ ጉም የራስን እጅ ይነሣል።

ሮጥኩ። «ማስቴ! ማስተዋል!» ድምፄ ከአፌ ሳይርቅ ይጠፋል። የገብሱ እርጥበት ቀሚሴን ከእግሬ ጋር አጣበቀው። ገብሱ አለቀና ድንጋይ ጀመረ። ያኔ ቀስ አልኩ። አንድ የአስታ ዛፍ ሥር ቀይ ነገር አየሁ፤ ሹራቧ ነው። ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ፣ ልክ ፒያኖው ሥር እንደምትቀመጠው ተቀምጣለች። ስጠጋ ከእግሬ ሥር ድንጋይ ተንከባለለ። ሲወድቅ ለመስማት ቆምኩ። ሲያርፍ አልተሰማኝም።

«እማ፣ አትንቀሳቀሺ» አለች ልጄ።

በእጄ እየዳበስኩ ደረስኩባት። አዘልኳት። ዞርኩ፤ ግን ወዴት ነው የዞርኩት? የመጣሁበት የቱ ነው? ግራም ነጭ፣ ቀኝም ነጭ። አንድ እርምጃ ብሳሳት ሁለታችንም አለቀልን። እግሬ እንደ እንጨት ደረቀ። አልቅሼ እንኳ እንዳልጣራ፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ነች፤ ፍርሃቴ እንዳይጋባባት አፌን ዘጋሁ።

ያኔ ነው የተሰማው። ከሩቅ፣ ወፍራም። ዱም።

ማስቴ ጀርባዬ ላይ ቀና አለች። «ገደሉ!»

«ምን?»

«የፒያኖው ገደል ነው! እትዬ ናቸው።»

እትዬ አስካለ አልጋ ላይ ናቸው፣ ፒያኖውም ተቆልፏል ልላት ስል ቀጠለ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቆም። ልጅ ያዘለችው ጭላዳ ናት።

«ሂጂ እማ። ወደሱ ሂጂ።»

አንድ እርምጃ ሄድኩ። «አይደለም፣ ደበዘዘ። ወደ ግራ።» ዞርኩ። «እዚህ ጋ። አሁን ቀጥ በይ።» እንዲያ እያለች መራችኝ። እኔ የምሰማው አንድ የሚጮኽ ነገር ነው፤ እሷ ግን የቱ እንደሚቀርብ፣ የቱ እንደሚርቅ ትለያለች። ጭላዳዋ ወደ ጣራው ልትደርስ ስትል ድምፁ ቆመ። እኛም ቆምን። ጸጥ። እርጥቡ ሳር እግሬ ሥር ይንሸራተታል። አንገቴን የያዙት እጆች ጠበቁ።

«ሳል ይዟቸው ነው» አለች በሹክሹክታ። «ጠብቂ እማ። ይጀምራሉ።»

ቆየ። ከዚያ ተጀመረ፣ እንደገና ከገደሉ። ልጄ አዲስ ትንፋሽ ተነፈሰች። ሄድን። ገብሱ ጉልበቴን ነካኝ፤ ከዚያ አጭሩ የግጦሽ ሳር፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱ የካብ አጥር ደረቴን መታኝ። እንደዚያ ያለ ድንጋይ ባቅፈው ደስ ባለኝ። አጥሩን እየዳበስኩ በሩን አገኘሁ፤ ደረጃውን ወጣሁ።

የክፍሉ መስኮቶች በሙሉ ተከፍተው ጉሙ ይገባል። የተነቀለው ማንጠልጠያ ከነጓጉንቸሩ መሬት ላይ ወድቋል፤ አጠገቡ ትልቅ ድንጋይ። ልጆቹ ሮጠው ነግረዋቸው ኖሮ፣ እትዬ አስካለ ከአልጋ ተነስተው በሌሊት ልብሳቸው ላይ ያንን ካፖርት ደርበው፣ ፀጉራቸው እርጥብ፣ በአንድ እጃቸው ደረታቸውን ይዘው በአንድ እጃቸው ይጫወታሉ። አያ ሙጬ ነፋስ እንዳይዘጋው የመስኮቱን መዝጊያ በትከሻቸው ደግፈው ቆመዋል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ እሳቸው ኪሳቸውን እስኪፈትሹ እትዬ አስካለ አልጠበቁም። መምህር ዳኘው ጥግ ይዘዋል፤ እጃቸው ባዶ ነው።

እትዬ አስካለ አልዞሩም። መጫወታቸውንም አላቆሙም።

«አንቱ ማስተዋል፣ ደረሱ?»

«ደረስኩ እትዬ።»

«እናትዎስ?»

ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ እግሯን ወለሉ ላይ አስረገጥኳት። እጆቿን አየሁ፤ ሁሉም ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ። የተማሩት ሰዎች ሁሉ ፊት፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ተናገርኩ።

«ደርሻለሁ እትዬ። ደህና ነን። ሁለታችንም ደህና ነን።»